ዲፕሎማዋን ይዛ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው

ሰሞኑን በስልክም በአካልም የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ሕፃናት ሳል አይደለም። «ሲስተር፣ ልጄ ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ አራት ተመርቃለች። ካልጠፋ ነገር አሁን ደግሞ ዲግሪ ካልተማርኩ ትላለች። እንዴት ነው የሚገባው?» ይሉኛል። አንዷ ከመርሳ፣ አንዱ ከውርጌሳ፣ ሌሎቹ እዚሁ ወልድያ ጎረቤቶቼ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እናቶች ናቸው፤ ልጅ አሳዳጊ አያቶችም አሉባቸው። ልጆቹ ራሳቸው ሲጠይቁኝ ግን እምብዛም አላይም። የሚያውቁ ስለሚመስላቸው ይሆናል። ወጉ ለወላጅ ነውና እኔም ዛሬ የማወራው ከእናንተ ከወላጆችና ከአያቶች ጋር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ዲፕሎማ የሚናቅ ወረቀት አይደለም። እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በነርስነት ዲፕሎማ ነው፤ ስንቱን አዋልጄበታለሁ፣ ስንቱን ቁስል አጥቤበታለሁ። «ዲፕሎማ ብቻ ይዛ ቀረች» የሚል ቃል ከቤታችሁ ይውጣ። ልጅቱ መማር የፈለገችው ያላት ስላነሳት ሳይሆን ለመጨመር ብላ ከሆነ፣ ያ መልካም ነው። በእኛ ሙያ ደረጃ በደረጃ መውጣትም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች መካከል ኋላ ተምረው ሐኪም የሆኑ አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጤና መኮንኖችን ቁጥር ቶሎ ለማብዛት በተጀመረው ሥልጠና ብዙ ዲፕሎማ ነርሶች ገብተዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ትምህርት በ13 ተቋማት ተከፍቷል። ከ1996 ወዲህ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም አንድ ዓመት ሠልጥነው ጀምረው፣ ወደ ደረጃ አራት ያደጉ ብዙዎች ናቸው።

ታዲያ መንገዱ ካለ ልጆቹ ለምን ይንገላታሉ? ሁለቱ ቤቶች የሚነጋገሩበት ቋንቋ የተለያየ ስለሆነ ነው። ኮሌጁ የሚያሠለጥነው በብቃት ነው፤ ልጅቱ መርፌ መውጋት፣ ደም መቅዳት፣ መድኃኒት ማደል መቻሏን ያያል፣ በመጨረሻም በምዘና ማዕከል የብቃት ማረጋገጫ ትወስዳለች። በየመንደሩ «ሲኦሲ» የምንለው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚቆጥረው በክሬዲት ሰዓት ነው፤ ይህን ያህል ሰዓት ኬሚስትሪ፣ ይህን ያህል ሰዓት አናቶሚ ይላል። ልጅቱ ሦስት ዓመት የደከመችበት ሥልጠና በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ይህን ያህል ክሬዲት ተብሎ ስለማይነበብ፣ ብዙ ጊዜ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ ትምህርት ተመልሶ ስለመጣ፣ ሕሙማንን ስታክም የከረመች ልጅ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጣ ሒሳብና ፊዚክስ ትማራለች ማለት ነው። ይህ ያስከፋታል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ብትነግሯት፣ «እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ» ብላ በኅዳር ወር ጥላ አትመጣም።

ውጭ ያለ ዘመድ በስልክ «እዚህ እኮ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይገባል» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው። በአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ኮሌጆች እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ አሉ፤ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው አስቀድመው ተቀምጠው የትኛው ትምህርት በየትኛው እንደሚተካ ይፈራረማሉ። የኛ ሰዎች ብዙዎቹ ነርስ የሆኑት በዚያ በኩል ነው። የእኛ ኮሌጅ ግን ዓላማው ሌላ ነው፤ የተሠራው ለሥራ ነው እንጂ ለመሸጋገሪያ አይደለም። ስለዚህ የአጎቷን ምክር ወደዚህ አገር አምጥታችሁ ልጅቱን ሦስተኛ ዓመት ትገባለች ብላችሁ አታስጨንቋት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ፤ ልጆች የሚወድቁት ከፈተናው በፊት እዚህ ላይ ነውና።

ስም ትልቁ ጣጣ ነው። በሐብሩ ገጠር አያት የሚያሳድገው ልጅ ብዙ ነው፤ እናት አረብ አገር ሄዳለች፣ አባት በሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነው፣ ወይም አንዳቸው ሞተዋል። አያት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ «የማን ልጅ ነው?» ሲባል «የእኔ» ይላል። ከፍቅር የመነጨ ነው፣ ማን ይቆጣዋል! ልጁ በአያቱ ስም ተመዘገበ። ስምንተኛ ክፍል በአያቱ ስም፤ መታወቂያ ሲያወጣ ቀበሌው የእናቱን የጋብቻ ወረቀት አይቶ በአባቱ ስም፤ ኮሌጅ ሲገባ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ የኮሌጁ ትራንስክሪፕት፣ የብቃት ማረጋገጫውና የፋይዳ መታወቂያው የአራት ሰው ይመስላሉ። ሬጅስትራሩ ምን ያድርግ? አይቀበልም።

የፊደሉም ነገር አለ። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት አራት ይሆናል። መሐመድ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ፤ በአንድ «ኤም» ይጻፋል፣ በሁለት «ኤም» ይጻፋል፣ አንዱ «ኦ» ያስገባል፣ ሌላው «ዩ»። ኃይሌ፣ ሰይድ፣ ዘሐራ፣ ፅጌ እንዲሁ ናቸው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ላይ ያለው አጻጻፍ ዋና መሠረት ነው፤ ሌላው ሁሉ እርሱን ይምሰል። ልጁ ገና ኮሌጅ እያለ ሬጅስትራሩ ጋ ሄዶ የተመዘገበበትን የእንግሊዝኛ ስም ከዚያ ወረቀት ጋር ያስተያይ። ከምረቃ በፊት ማስተካከል የአንድ ማመልከቻ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከምረቃ በኋላ ግን ወሳኝ ኩነት፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ድረስ ያደርሳል። ያኔ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

አያቶች ሆይ፣ በእናንተ ስም የተመዘገበ ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ ወረቀቶቹን በአንድ ላይ ዘርግቷቸው። ማንበብ ካልቻላችሁ የሠፈር መምህር ያንብብላችሁ። ስሙ የአያት ከሆነ ሁሉም ላይ የአያት ይሁን፤ የአባት ከሆነም እንዲሁ። የቱ ይሻላል ብላችሁ ቤተሰብ መሐል ጠብ አታንሱበት። አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚበልጠው።

ቀጥሎ ትራንስክሪፕት ነው። ልጁ በእጁ የሚይዘው ቅጂ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያምነው ግን ኮሌጁ አሽጎ በቀጥታ የሚልከውን ነው። «ኦፊሻል» የሚባለው እርሱ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ለተጨማሪ ትምህርት ማስረጃዬን ከተማርኩበት ተቋም ለማስላክ ሰባት ወር ጠብቄአለሁ፤ የተቋሙን ስም አልጠራም፣ ዛሬ ያሉት ሰዎች ሌሎች ናቸው። በዚያ ሰባት ወር ምዝገባው አልፎ ዓመቱ ተቃጠለ። ስለዚህ ልጅቱ ለመማር ካሰበች ማመልከቻው እስኪከፈት አትጠብቅ፤ ወረቀቱን የማስላኩን ነገር ከአሁኑ ታጣራ፣ ክፍያውን ትክፈል፣ የላኩበትን ደብዳቤ ቁጥር ትያዝ።

ጦርነቱም የተወብን ነገር አለ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በነበረችበት ሁኔታ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሻንጣው የተወሰደበት ልጅ ብዙ ነው። የአሥረኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርድ የጠፋበት ሰው ያን ማስረጃ በሰጠው በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በኩል ምትክ ይጠይቃል፤ የኮሌጁን ደግሞ ከኮሌጁ። ለምትኩ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃልና ከቀበሌም ከፖሊስም የምታገኙትን ወረቀት አታሳንሱት። በ2015 የጀመረው ግጭትም መንገድ እየዘጋ፣ ኢንተርኔት እያቋረጠ ስንቱን ምዝገባ አሳልፎታል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በሌላ ከተማ ላለ ዘመድም ላኩ። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ጋ ይገኛል።

ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «የት ትማር?» ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ትምህርት የሚገባው ቦታ ጠባብ ነው። ይህንን ለማየት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ብቻ አስቡ፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ ነበሩ። ይህ ሁሉ ልጅ የሚሄደው ወደ ማካካሻ ትምህርት ወይም ወደ ኮሌጅ ነው። ከደረጃ አራት ወደ ዲግሪ የሚገቡበት መስፈርት ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ የገባበት ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። የብቃት ማረጋገጫ ግን ሁልጊዜ ይጠየቃል። ሲኦሲ ሳይወስዱ «ቆይ እደርስበታለሁ» የሚሉ ልጆች አሉ፤ እነርሱን ግፉአቸው።

በማታና በሳምንት መጨረሻ የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች በከተማችንም በደሴም ሞልተዋል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። በሩ ላይ «እውቅና ያለው» የሚል ሰሌዳ መሰቀሉ አይበቃም። እውቅናውን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ባለው ካምፓስ የነርስነት ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ወልድያ በከፈተው ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል። ልጅቱ «ለዚህ ትምህርት፣ ለዚህ ካምፓስ፣ በዲግሪ ደረጃ ፈቃዳችሁን አሳዩኝ» ብላ ትጠይቅ። የሚያኮርፍ ካለ ጥሎ መሄድ ነው። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደገና ሲመዘግብ ከመዝገቡ የወጡ ብዙ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ከፍሎ የማይታወቅ ወረቀት ይዞ መመለስ ሰው ይገድላል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ዲግሪውን ለመያዝ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት የተፈተኑት 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት የተፈተኑት ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት የግል ኮሌጅን ለማጥላላት አይደለም፤ በደንብ የሚያስተምሩ አሉ። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ባለፈው ዓመት ከእናንተ ስንት ሰው የመውጫ ፈተና ወሰደ? ስንቱ አለፈ?» በሉ። ክፍያው ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚመረጥ ኮሌጅ ኋላ ውድ ይሆናል።

ስለ ትምህርቱ ልናገር። ደረጃ አራት የጨረሱ ልጆች እጃቸው ጎበዝ ነው። ሙያውን ያውቁታል፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ክሊኒክ ሲገቡ ከሌሎቹ ይልቃሉ። የሚያስቸግራቸው የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ወደ ኮሌጅ የገቡት ደግሞ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሒሳብ ጨርሰው አላዩትም። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይቀር በፊት የተማሩት ትልልቆቹ ልጆች እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ያለውን ስድስት ወር አታባክኑት። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብና የኬሚስትሪ መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ይዋሱ፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ትሥራ። እዚያው ሠፈር ያለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሊያግዛት ይችላል። እርሷ ደግሞ ባዮሎጂውን ለእርሱ ታስረዳዋለች፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

እንግሊዝኛው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራ ልጅ የመድኃኒትና የበሽታ ስም በእንግሊዝኛ ይጠራልና ወላጅ «እንግሊዝኛ ይችላል» ብሎ ያምናል። አንድ አንቀጽ ጽፎ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ልጅቱ ማታ ማታ በሥራ ላይ ያየችውን አንድ ሕመም በእንግሊዝኛ በአሥር መስመር ትጻፍ። እንደ ሐሳቤ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል።

የገንዘቡን ነገር ሳልነካ ባልፍ ትስቁብኛላችሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ የሆነ ተማሪ ወጪ መጋራት ይፈርማል፤ ያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ ነው፣ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል። የማታው ግን ከኪስ ነው። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የሚመላለስ ልጅ የትራንስፖርቱን፣ የምሳውን፣ አንዳንዴም የአዳሩን ወጪ በወር ደምሩት። ክፍያውን ብቻ አስበው ገብተው በትራንስፖርት የቆሙ አውቃለሁ። ልጅቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ተቀጥራ ከሆነ ግን አስቀድማ መሥሪያ ቤቷን ትጠይቅ። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሠራተኛ ለትምህርት የሚልኩበት ዕድል ይኖራል፤ ከትምህርት በኋላ ለተወሰነ ዓመት እዚያው ለማገልገል ውል ይፈረማል። ብዙዎች ውሉን ይፈሩታል። እኔ ብሆን አልፈራም፤ ደመወዝ ሳይቋረጥ መማር ቀላል ነገር አይደለም። በራሷ ስትማርም ቢሆን ለአለቃዋ ትንገር፤ ፈተና ላይ ተረኛ ሆና የምትገኘው ካልነገረች ነው።

መሬት ሸጦ ወይም በሬ ሸጦ ለማስተማር የሚያስቡ አባቶችም አሉ። ለመጀመሪያው ዓመት አትሽጡ። የግሪሳም፣ የድርቅም ዓመት አለ፤ ልጅቱም የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ልትሞክር ትችላለች። በሥራዋ ራሷን እየቻለች ብትጀምርና ካለፈች በኋላ ብታግዟት ለሁላችሁም ይሻላል።

የሴት ልጅ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። «ዕድሜዋ ሄደ፣ መቼ ልታገባ ነው?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ አለ። ልጅቷ ሃያ አራት ሆኗታል፣ አራት ዓመት ስትማር ሃያ ስምንት ይሆናታል፤ አያትም ያሰላሉ። እኔም ሴት ልጅ አሳድጌአለሁና ሥጋቱን አላጣጥለውም። ግን ትምህርትና ትዳር አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ያገቡ፣ የወለዱ፣ ልጅ አዝለው የተመረቁ ብዙ ባልደረቦች ነበሩኝ። እነርሱን ያስመረቃቸው ልጅ የያዙላቸው እናቶችና አያቶች ናቸው። ልጅቷ ወልዳ ከሆነ እርሷን «ተይ» ከምትሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ሕፃኑን ያዙላት።

ለኮሌጆቹና ለዩኒቨርሲቲውም የምለው አለኝ፤ ይህ ጋዜጣ እጃቸው ይደርሳልና። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ መርሳ ላይም ካምፓስ አለው። የጤና ተመራቂዎቹ የሚወጡባቸው ኮሌጆች ደሴም ሌላም ቦታ አሉ። ማኔጅመንቶቹ አንድ ቀን ተቀምጠው የደረጃ አራትን ሞጁልና የአንደኛና የሁለተኛ ዓመትን ኮርስ ጎን ለጎን ቢያዩ፣ የትኛው በፈተና ሊታለፍ እንደሚችል ይገባቸዋል። ይህ ካልተቻለ እንኳን በክረምት ስድስት ሳምንት የሒሳብና የኬሚስትሪ ማጠናከሪያ ይስጡ፤ የአዲስ ገቢ ልጆቹ ብዛት ለአንድ ክፍል ይበቃል። ሬጅስትራሮቹም የሚፈልጉትን ወረቀት ዝርዝር በአማርኛ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። ከመርሳ፣ ከጊራና፣ ከየገጠሩ የሚመጣ ወላጅ «ነገ ና» ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚመላለስበት ምክንያት የለም።

የማመልከቻው ጊዜ ሩቅ አይደለም። ልጃችሁ ሥራ ላይ ከሆነች ይህን ጽሑፍ ቆርጣችሁ አስቀምጡላት፤ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ታንብበው። የስሙን ነገር ግን አታስተኙት፤ ነገ ቢሮ ሲከፈት ወረቀቶቹን ይዛችሁ አብራችኋት ወደ ሬጅስትራሩ ሂዱ።